ፍላሹ ባዶ ሲመስል፦ የተደበቁ ፋይሎችን ከኮምፒውተር ፈልጎ ማውጣት

በምረቃ ሰሞን ድሬዳዋ ከዚራ ወይም ሳቢያን አካባቢ ኮፒ ቤት ጎራ ያለ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ለማስጠረዝ ፍላሹን ያቀብላል። ፍላሹ ሲከፈት ውስጡ ባዶ ነው፤ ወይም ፎልደሮቹ በሙሉ ጥጋቸው ላይ ትንሽ ቀስት ያለባቸው ሾርትከት ሆነዋል። ወዲያው ከኋላ አንዱ «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት አድርገው» ይላል። ፎርማት ሲደረግ ቫይረሱም ጽሑፉም አብረው ይሄዳሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ፋይሉ ከቦታው ንቅንቅ አላለም ነበር፤ ዊንዶውስ እንዳያሳየው ምልክት ተደረገበት እንጂ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ የተያዘውን ቦታ ማየት፣ ቀጥሎ የተደበቀውን ማሳየት፣ ወደ ሌላ ቦታ ኮፒ ማድረግ፣ ምልክቱን ማንሳት። ማጽዳትና ፎርማት የሚመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የሜኑ ስሞችን እንግሊዝኛው ዊንዶውስ ላይ እንደሚነበቡት በፊደላችን ጽፈናቸዋል። ትእዛዞች የሚተየቡት ግን በእንግሊዝኛ ኪቦርድ ስለሆነ፣ አንድ ትእዛዝ መጀመሪያ ሲመጣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ዘርዝረናል።

መጀመሪያ ቦታው መያዙን ያረጋግጡ

ፍላሹን ሰክተው ‹ዚስ ፒሲ›ን ይክፈቱ። የፍላሹን ምልክት ደብል ክሊክ ሳያደርጉ ቀኝ ክሊክ አድርገው ‹ፕሮፐርቲስ›ን ይምረጡ። ‹ዩዝድ ስፔስ› የሚለውን ቁጥር ወረቀት ላይ ይያዙት። ከዚያ ፍላሹን ከፍተው ኮንትሮልና ኤ ተጭነው የሚታየውን ሁሉ ይምረጡ፣ አልትና ኢንተር ይጫኑ፤ ‹ሳይዝ ኦን ዲስክ› የሚለውን ከመጀመሪያው ቁጥር ጋር ያስተያዩ።

ፍላሹ 11 ጊጋ ተይዟል እያለ የሚታየው ሁለት ኪሎባይት ሾርትከት ብቻ ከሆነ ደስ ይበልዎ፤ ዕቃዎ እዚያው ነው። ልዩነቱ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ከሆነ ግን የተደበቀ ነገር አለ ማለት አይደለም፤ ዊንዶውስ ራሱ ለመዝገብ የሚይዘው ቦታ ነው። ባለ 32 ጊጋ ፍላሽ አጠቃላይ መጠኑን 29 ጊጋ አካባቢ አድርጎ ቢያሳይም አይደንግጡ። አምራቹ አንድ ጊጋን 1,000 ሚሊዮን ባይት ብሎ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1,024 እያባዛ ይቆጥራል፤ የጎደለው የቆጠራ ልዩነት ነው።

የተያዘው ቦታ ዜሮ አካባቢ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ፋይሉ ተሰርዟል ማለት ነው እንጂ አልተደበቀም፤ ከዚህ በታች ያለው ዘዴ አያወጣውም። በዚያ ፍላሽ ላይ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ምንም ነገር አይጻፉበት፣ ፊልምም አያስጭኑበት፤ እንደ ሬኩቫ ወይም ፎቶሬክ ያለ የተሰረዘ ፋይል መልሶ የሚያወጣ ፕሮግራም በሌላ ዲስክ ላይ ጭነው ይሞክሩ። ፍላሹ ሲሰካ «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ የሚጠይቅ ከሆነም እንዲሁ ነው፤ ‹ካንስል› ይበሉ።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ። የፋይሎቹ ስም ይታያል፣ መጠናቸውም ትክክል ነው፣ ሲከፈቱ ግን «ተበላሽቷል» ይላሉ። ፍላሹ በርካሽ የተገዛ «1 ቴራ» ከሆነ እውነተኛ አቅሙ ከተጻፈበት በጣም ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ከአቅሙ በላይ የተጻፈው ስሙ ብቻ ይቀራል። ኤች2ቴስትደብልዩ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ፍላሹን ሞልቶ በማንበብ እውነተኛውን አቅም ያወጣል። ፈተናው ፍላሹን ስለሚሞላው የሚፈልጉትን አስቀድመው ያውጡ።

ዊንዶውስ የደበቀውን እንዲያሳይ ማድረግ

በዊንዶውስ ላይ አንድ ፋይል ከዶስ ዘመን የወረሳቸው አራት ምልክቶች አሉት፦ አንብብ-ብቻ (አር)፣ ለመጠባበቂያ ቅጂ የሚያገለግል (ኤ)፣ ድብቅ (ኤች)፣ የሲስተም (ኤስ)። ሰው ራሱ የደበቀው ፋይል ኤች ብቻ ይኖረዋል። ቫይረስ የደበቀው ኤችም ኤስም ይኖረዋል፤ ሁለቱ ሲደረቡ ደግሞ ተራው «ድብቅ አሳይ» አያወጣቸውም። «ሂድን አይተምስ ላይ ምልክት አደረግኩ፣ ግን ምንም አልመጣም» የሚለው ቅሬታ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የሚመጣው ከዚህ ነው።

በዊንዶውስ 11 ላይ ፎልደር ከፍተው ‹ቪው›፣ ‹ሾው›፣ ‹ሂድን አይተምስ›ን ይጫኑ። በዊንዶውስ 10 ከላይ ‹ቪው› የሚለውን ከፍተው ‹ሂድን አይተምስ› ላይ ምልክት ያድርጉ። በዊንዶውስ 7 — ድጋፉ ጥር 2012 ቢቋረጥም ብዙ ኮፒ ቤት ዛሬም የሚሠራው በእሱ ነው — ‹ኦርጋናይዝ›፣ ከዚያ ‹ፎልደር ኤንድ ሰርች ኦፕሽንስ›ን ይክፈቱ።

አሁን ሁለተኛውን ሽፋን ያንሱ። በዊንዶውስ 11 ሦስቱን ነጠብጣቦች ተጭነው ‹ኦፕሽንስ›፣ በዊንዶውስ 10 ደግሞ ‹ቪው› ውስጥ በስተቀኝ ያለውን ‹ኦፕሽንስ› ይክፈቱና ‹ቪው› ወደሚለው ገጽ ይለፉ። እዚያ ሦስት ነገር ያስተካክላሉ፦

1. ‹ሾው ሂድን ፋይልስ፣ ፎልደርስ ኤንድ ድራይቭስ› የሚለውን ይምረጡ።
2. ‹ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ› ላይ ያለውን ምልክት ያንሱ። ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ‹የስ› ይበሉ።
3. ‹ሃይድ ኤክስቴንሽንስ ፎር ኖውን ፋይል ታይፕስ› ላይ ያለውንም ያንሱ። ይህ የፋይሉን ቅጥያ፣ ማለትም ከስሙ መጨረሻ ከነጥብ በኋላ መጥተው የፋይሉን ዓይነት የሚናገሩትን ፊደሎች፣ ያሳይዎታል። የፎልደር ስዕል ለብሶ በእርግጥ ግን ፕሮግራም የሆነ ነገር የሚጋለጠው ስሙ መጨረሻ ላይ ‹ኢኤክስኢ› ወይም ‹ቪቢኤስ› ሲመጣ ነው።

‹ኦኬ› ብለው ወደ ፍላሹ ሲመለሱ ደብዘዝ ያሉ ፎልደሮች ብቅ ካሉ እነሱ ናቸው። ወዲያው ሌላ ዲስክ ላይ ኮፒ ያድርጓቸው። ‹ከት› አይጠቀሙ፤ መሃል ላይ መብራት ቢሄድ ኮፒ ሲሆን ዋናው አይነካም።

ቅንብሩን አስተካክለው ‹ኦኬ› ባሉ በደቂቃ ውስጥ ራሱ ወደ ነበረበት ከተመለሰ ፍላሹን ትተው ኮምፒውተሩን ይጠርጥሩ። ውስጡ የሚሠራ ቫይረስ አለ፤ እዚያ ላይ መልፋት ጊዜ ማባከን ስለሆነ ሌላ ማሽን ይፈልጉ።

ቅንብሩን መቀየር የማይፈቀድበት ኮምፒውተር ላይ ከሆኑ፣ ለምሳሌ ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ፣ ዊንራር ወይም ሰቨንዚፕ ይክፈቱና ከውስጡ ወደ ፍላሹ ይሂዱ። ሁለቱም የዊንዶውስን የመደበቂያ ቅንብር አይከተሉም፣ ያለውን ሁሉ ይዘረዝራሉ። የሚፈልጉትን ፎልደር እዚያው መርጠው ወደ ሌላ ዲስክ ማውጣት ይችላሉ። ዊንራር ውስጥም ቢሆን ሾርትከቱን ደብል ክሊክ ካደረጉት ይነሳል፤ መምረጥ እንጂ መክፈት የለም።

ሾርትከት የሆኑት ፎልደሮች

አንዱን ሾርትከት ቀኝ ክሊክ አድርገው ‹ፕሮፐርቲስ› ይክፈቱና ‹ታርጌት› የሚለውን መስመር ያንብቡ። ጤነኛ ሾርትከት የአንድ ፎልደር ወይም የፕሮግራም አድራሻ ብቻ ይዟል። የቫይረሱ ግን በሲኤምዲ፣ በደብልዩስክሪፕት ወይም በረንዲኤልኤል32 ይጀምራል፣ ቀጥሎ የማያውቁት የፋይል ስም አለ፣ አንዳንዴ መጨረሻው ላይ የእውነተኛው ፎልደር ስም ይመጣል። አሠራሩም ከዚያው ይገባል። ሲጫኑት መጀመሪያ ቫይረሱን ያስነሳል፣ ወዲያው እውነተኛውን ፎልደር ከፍቶ ያሳያል። ባለቤቱ ፋይሉን ስላገኘ ምንም አልጠረጠረም፤ ኮምፒውተሩ ግን ተበክሏል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰካው ፍላሽ ሁሉ ተራውን ይጠብቃል። ማይክሮሶፍት ፍላሽ ሲሰካ ፕሮግራም በራሱ እንዳይነሳ ካደረገ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ስለዚህ እነዚህ ቫይረሶች የሚኖሩት በሰው ክሊክ ነው።

ምልክቱን ለማንሳት ‹ፕሮፐርቲስ› ውስጥ ገብተው ‹ሂድን› ላይ ያለውን ምልክት ለማንሳት ቢሞክሩ ሳጥኑ ደብዝዞ አይነካም፤ የኤስ ምልክት ስላለበት ነው። በትእዛዝ መሄድ ግድ ነው፦

1. የዊንዶውስ ቁልፍንና አርን አብረው ይጫኑ፤ ሲ፣ ኤም፣ ዲ ብለው ጽፈው ኢንተር። ጥቁር መስኮት ይከፈታል።
2. የፍላሹ ፊደል ‹ኢ› ከሆነ ኢ ጽፈው ሁለት ነጥብ (:) ያስከትሉ፣ ኢንተር። መስመሩ በ‹ኢ:\› ካልጀመረ ወደሚቀጥለው አይለፉ።
3. ይህን ይጻፉ፦ አትሪብ -ኤች -ኤስ -አር /ኤስ /ዲ *.*
   አትሪብ የሚጻፈው በኤ፣ ቲ፣ ቲ፣ አር፣ አይ፣ ቢ ነው። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ናቸው። በየክፍሉ መሃል አንድ ክፍተት አለ፤ ከሰረዙና ከፊደሉ መሃል ግን ክፍተት የለም።
4. ኢንተር ብለው ይጠብቁ። ብዙ ሺህ ፎቶ ያለበት ፍላሽ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል፤ ጠቋሚው ዝም ብሎ ብልጭ ድርግም ቢል እየሠራ ነው። መስመሩ ሲመለስ አልቋል።

ኤችን ብቻ ለማንሳት ከሞከሩ «የሲስተም ፋይል ስለሆነ አልቀይርም» የሚል መልስ ይሰጣል፤ ኤስና ኤች አብረው መነሳት አለባቸው። /ኤስ የውስጥ ፎልደሮችን ሁሉ እንዲያዳርስ ነው፤ /ዲ ደግሞ ከፋይሎቹ ሌላ ፎልደሮቹንም እንዲነካ። /ዲን የረሳ ሰው ፋይሎቹን ነጻ አውጥቶ ፎልደሮቹ እንደተደበቁ ይቀሩበታል። ‹ሲስተም ቮልዩም ኢንፎርሜሽን› የሚባለው ላይ «አክሰስ ዲናይድ» ቢል ይለፉት፣ የዊንዶውስ ነው።

ይህን ትእዛዝ ሲ ድራይቭ ላይ በጭራሽ አይስጡ። የዊንዶውስን የራሱን ፋይሎች ሁሉ ምልክት ያነሳል፤ መልሶ ማደራጀቱ ከጥቅሙ ይበልጣል።

ፋይልዎ የአማርኛ ስም ካለው ጥቁሩ መስኮት ውስጥ በባዶ ሳጥን ተተክቶ ሊታይ ይችላል። መስኮቱ የሚጠቀምበት የፊደል ቅርጽ ግዕዝ ስለሌለው ነው፤ ሥራው ግን በትክክል ተሠርቷል።

ትእዛዙን ከሰጡም በኋላ ፎልደሮቹ ካልመጡ ስም የሌለው ፎልደር ይፈልጉ። አንዳንዶቹ ቫይረሶች የፍላሹን ዕቃ በሙሉ ጠራርገው ስሙ አንድ የማይታይ ክፍተት ብቻ የሆነ ፎልደር ውስጥ ይከታሉ፤ የሲስተም ምልክት ያደርጉበትና ምስሉን የዲስክ ምስል ያስመስሉታል። ሲታይ ከነጭ ገጽ ላይ የተንጠለጠለ ስም አልባ ምልክት ነው። አንዴ ብቻ ክሊክ አድርገው ይምረጡት፣ ኤፍ2 ተጭነው ተራ ስም ይስጡት፣ ከዚያ ይክፈቱት። ተማሪው ለቀናት ያለቀሰበት ጽሑፍ ከነምዕራፎቹ እዚያ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል።

ፋይሎቹ ሌላ ዲስክ ላይ መድረሳቸውን፣ ሁለት ሦስቱንም ከፍተው መነበባቸውን ካዩ በኋላ ሾርትከቶቹንና ቪቢኤስ የመሰሉትን ይሰርዙ። ኮምፒውተሩንም አይርሱ። ‹ዊንዶውስ ሴኩሪቲ› ከፍተው ‹ስካን ኦፕሽንስ› ውስጥ ‹ኦፍላይን ስካን› የሚለውን ያስነሱ፤ ማሽኑን አጥፍቶ ዊንዶውስ ሳይነሳ በፊት ይፈትሻል፣ 15 ደቂቃ አካባቢ ይፈጃል። ሥራዎን አስቀድመው ሴቭ ያድርጉ፣ ማሽኑ ዴስክቶፕ ከሆነ ደግሞ መብራት የማይጠፋበትን ሰዓት ይምረጡ። የተሻለው ሰዓት የትኛው እንደሆነ የሰፈሩ ሰው ያውቃል።

ስሙን እያወቁ ሲፈልጉት

የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ሳይደረግ የፎልደሩ መፈለጊያ ሳጥን ድብቁን በውጤቱ ውስጥ አያወጣም። ስለዚህ ከላይ ያለው ቅንብር ሁልጊዜ ይቀድማል። ከዚያ በስተቀኝ ባለው ሳጥን የፋይሉን ስም ይጽፋሉ።

ችግሩ የሚጀምረው ስሙ በአማርኛ ሲሆን ነው። ኮምፒውተሩ ሀንና ሐን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን ፍጹም የማይገናኙ ፊደሎች አድርጎ ይቆጥራቸዋል። «ሐረር ጁገል» ብሎ ሴቭ ያደረገ ሰው «ሀረር» ብሎ ቢፈልግ አያገኝም። «ጽሑፍ» ተብሎ የተቀመጠውን «ፅሁፍ» አያመጣውም። «ድሬዳዋ»ንም አንዱ አያይዞ፣ ሌላው «ድሬ ዳዋ» ብሎ ለይቶ ይጽፈዋል። መፍትሔው አከራካሪዎቹን ፊደሎች ትቶ በማያሻማው ክፍል መፈለግ ነው፤ ከፊትና ከኋላ ኮከብ አድርገው *ረር* ብለው ቢጽፉ ሁለቱም አጻጻፎች ይመጣሉ። *መመረቂያ* ደግሞ ከ*ጽሑፍ* ይልቅ አስተማማኝ ነው። በድሮ ጊዜ፣ ዩኒኮድ (ዛሬ ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል አመዘጋገብ) ባልሆነ የግዕዝ ሶፍትዌር የተሰየመ ፋይል ከሆነ ስሙ የላቲን ፊደሎችና ምልክቶች ጉራማይሌ ሆኖ ነው የሚታየው፤ በስም መፈለጉን ትተው በቅጥያ ይፈልጉ።

በቅጥያ ሲፈልጉ ለወርድ ጽሑፍ ኮከብ፣ ነጥብ፣ ከዚያ ዲ፣ ኦ፣ ሲ፣ ኤክስ ይጻፉ። ለድሮው ወርድ ኤክሱን ይተዉ።

በቀን ለመፈለግ ሁለት ነገር ያስቡ። ዊንዶውስ የሚያሳየው የፈረንጅ ቀን ነው፤ ሰኔ 1 ቀን 2017 ያስቀመጡት ፋይል ላይ የሚነበበው እ.ኤ.አ. ጁን 8፣ 2025 ነው። ሰዓቱም እንዲሁ፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሴቭ ያደረጉት 2 ሰዓት ፒኤም ይላል። ሁለተኛው አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ የሚያጋጥም ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 የምትባል ጠፍጣፋ ክብ ባትሪ ካለቀች መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ማሽኑ የመጀመሪያ ዓመት ይመለሳል፤ ትናንት የተጻፈው ፋይል ከዝርዝሩ ግርጌ፣ ከአሥር ዓመት በፊት ከተሠሩት ጋር ተቀብሮ ይገኛል። ማሽኑን ሲያስነሱ የተሳሳተ ቀን ካሳየዎት በቀን መፈለጉን ይተዉት፣ ባትሪዋንም ይቀይሯት።

ሃርድ ዲስኩ ትልቅ ከሆነና የዊንዶውስ ፍለጋ ከተንቀራፈፈ ኤቭሪቲንግ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም እንመክራለን። ፎልደሮቹን አንድ በአንድ ከማዳረስ ይልቅ የዲስኩን የፋይል መዝገብ በቀጥታ ስለሚያነብ ውጤቱ ስሙን ተይበው ሳይጨርሱ ይመጣል። ሳጥኑ ውስጥ አትሪብ ብለው ሁለት ነጥብ (:) እና ኤች ቢያስከትሉ ድብቅ ፋይሎችን ብቻ ይለያል። ይህ ፍጥነት ኤንቲኤፍኤስ በተባለው አደረጃጀት ለተዘጋጁ ዲስኮች ነው። አብዛኛው ፍላሽ ግን ፋት32 ወይም ኤክስፋት ነው፤ ለእሱ የፍላሹን ፎልደር በቅንብሩ ውስጥ መጨመር ይጠይቃል።

ፕሮግራም መጫን ካልፈለጉ ጥቁሩ መስኮት ይበቃል፤ ፍላሹ ላይ ሆነው ዲር /ኤ:ኤች /ኤስ /ቢ ይጻፉ። ዲር በዲ፣ አይ፣ አር ነው፤ የቀሩት አንድ አንድ ፊደል። ድብቅ የሆነውን ሁሉ ከነሙሉ አድራሻው ይዘረዝራል፣ ምንም አይነካም።

ዝርዝሩ ውስጥ በ~$ የሚጀምር የጽሑፍዎ ስም ካገኙ አይፈንጥዙ። ወርድ ፋይሉ ተከፍቶ ሳለ የሚፈጥራት የጥበቃ ምልክት ናት፤ 162 ባይት ብቻ ስለሆነች አንድ ገጽ እንኳ የላትም። ጥቅሟ አንድ ነው፦ ዋናው ፋይል የነበረው በዚያ ፎልደር ውስጥ እንደሆነ ትጠቁማለች።

ፋይሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ እያለ የማይገኝ ሲሆን

መደበቅ የማይመስሉ መደበቂያዎች አሉ። ዴስክቶፑ ላይ ያለው ሁሉ በአንዴ ከጠፋ ባዶው ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ‹ቪው›፣ ‹ሾው ዴስክቶፕ አይከንስ›። ወርድ ከፍተው ‹ኦፕን› ሲሉ ፒዲኤፍዎ ካልታየ ከታች በስተቀኝ ካለው ሳጥን ‹ኦል ፋይልስ›ን ይምረጡ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሁሉ ነገር አዲስ ከመሰለ፣ የግድግዳው ስዕልም ከተቀየረ፣ ዊንዶውስ በጊዜያዊ አካውንት አስገብቶዎታል፤ እዚያ ላይ ምንም ሳያስቀምጡ ሪስታርት ያድርጉ፣ ፋይሎችዎ ሲ ድራይቭ ላይ ‹ዩዘርስ› ውስጥ በስምዎ ፎልደር አሉ።

በቴሌግራም የተላከልዎትን በኮምፒውተር ካወረዱ ‹ዳውንሎድስ› ውስጥ ‹ቴሌግራም ዴስክቶፕ› የሚል የራሱ ፎልደር አለ። «አውርጄው የት ገባ» የሚባለው ግማሹ መልስ እዚህ ነው።

ሴቭ ሳያደርጉት መብራት የሄደበት የወርድ ጽሑፍ ‹አፕዳታ› በሚባል ድብቅ ፎልደር ውስጥ ሊኖር ይችላል። ፎልደሩን ከመበርበር በፊት ወርድን ከፍተው ‹ፋይል›፣ ‹ኢንፎ›፣ ‹ማኔጅ ዶክዩመንት›፣ ‹ሪከቨር አንሴቭድ ዶክዩመንትስ› ይበሉ። እዚያ ካጡት የዊንዶውስ ቁልፍንና አርን ተጭነው የፐርሰንት ምልክት፣ አፕዳታ (ኤ፣ ፒ፣ ፒ፣ ዲ፣ ኤ፣ ቲ፣ ኤ)፣ እንደገና የፐርሰንት ምልክት ጽፈው ኢንተር፤ ከዚያ ‹ማይክሮሶፍት›፣ ‹ወርድ›። ወርድ ካልቀየሩት በየ10 ደቂቃው ነው ቅጂ የሚያስቀምጠው፤ ጨርሶ ሴቭ ያልተደረጉትን ደግሞ የሚያቆያቸው ለ4 ቀን ነው። ሳምንት ቆይቶ የሚመጣ ሰው አያገኝም። የ10 ደቂቃውን ልማድ ‹ኦፕሽንስ›፣ ‹ሴቭ› ውስጥ ወደ 2 ደቂቃ ማውረድ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የመጀመሪያው ሥራ መሆን አለበት።

ኮፒ እየተደረገ ሳለ መብራት ሄዶ ወይም ፍላሹ ተነቅሎ የጎደለ ነገር ካለ ፍላሹን ይፈትሹት። መጀመሪያ የሚነበበውን ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ያውጡ። ቀጥሎ በጥቁሩ መስኮት ቼክዲስክ ኢ: /ኤፍ ይጻፉ፤ ቼክዲስክ የሚጻፈው በሲ፣ ኤች፣ ኬ፣ ዲ፣ ኤስ፣ ኬ ነው። በፋት32 ፍላሽ ላይ ባለቤት ያጡ ቁርጥራጮች ካገኘ ፋይል ላድርጋቸው ብሎ ይጠይቃል፣ ዋይ ይበሉ። ቁርጥራጮቹ ‹ፋውንድ.000› በሚል ድብቅ ፎልደር ውስጥ በሲኤችኬ ቅጥያ ይቀመጣሉ። ስማቸው ‹ፋይል› ከሚል ቃልና ከቁጥር በቀር ሌላ ስለሌለው ማንነታቸውን ለማወቅ አንዱን በኖትፓድ ይክፈቱና መጀመሪያውን ይዩ። በፒና ኬ ከጀመረ አዲሱ የወርድ ወይም የኤክሴል ፋይል ወይም ዚፕ ነው፤ በፐርሰንት ምልክትና በፒዲኤፍ ከጀመረ ፒዲኤፍ ነው፤ ጄኤፍአይኤፍ ወይም ኤግዚፍ የሚል ቃል መጀመሪያው መስመር ላይ ካለ ፎቶ ነው። ኖትፓዱን ሴቭ ሳያደርጉ ይዝጉ፣ የፋይሉን ቅጥያ በኤፍ2 ቀይረው ይክፈቱት። ሁሉም አይከፈትም፤ የሰርግ ፎቶ በብዛት ይወጣል፣ ረጅም ቪዲዮ ብዙ ጊዜ አይወጣም።

ማክና ሊኑክስ

እነዚህ ላይ መደበቂያው በዋናነት የስሙ መጀመሪያ ላይ ያለ ነጥብ ነው። ማክ ላይ ፋይንደር ከፍተው ኮማንድ፣ ሺፍትና ነጥብ አብረው ይጫኑ፤ ደግመው ሲጫኑ ይደበቃል። ‹ላይብረሪ›ን ለማግኘት ‹ጎ› የሚለውን ሜኑ ከፍተው ኦፕሽን ቁልፍን ይዘው ይቆዩ።

ኡቡንቱ ወይም ሚንት ላይ ኮንትሮልና ኤች። በተርሚናል ከሆነ ኤል፣ ኤስ፣ ክፍተት፣ ሰረዝ፣ ኤ።

ሊኑክስ ለእኛ ጉዳይ ሌላም ጥቅም አለው። ፋት32 ፍላሽ ሲሰካበት የዊንዶውስን የኤችና የኤስ ምልክት ቁብ ሳይለው ሁሉንም ያሳያል፣ የዊንዶውሱ ሾርትከት ደግሞ እዚያ አይነሳም። ሚንትን በሌላ ፍላሽ ላይ ጭኖ ከዚያው ማስነሳት የሚችል ኮፒ ቤት የተበከለ ፍላሽ ያለ ስጋት ከፍቶ ማውጣት ይችላል።

ማክ ላይ የተሰረዘ ፋይል ፍላሹ ላይ ነጥብ ትራሽስ በሚባል ድብቅ ፎልደር ይቀራል። ፍላሹ ባዶ ሆኖ ቦታው ካልተለቀቀ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል፤ ድብቅ ፋይሎችን እንዲያሳይ የተደረገ ዊንዶውስ ላይ ሲሰካ ፎልደሩ ይታያል። ሊኑክስም ነጥብ ትራሽ ብሎ ቁጥር ያስከተለ ተመሳሳይ ፎልደር ይተዋል። በስህተት ተሰርዞ የነበረ ፋይል ከዚያ ኮፒ አድርጎ ማውጣት ይቻላል፤ ካላስፈለገ ይሰርዙት።

የማይነኩ

ሁሉንም ከገለጡ በኋላ ሲ ድራይቭ ላይ ‹ፔጅፋይል›፣ ‹ሂበርፊል›፣ ‹ስዋፕፋይል› የሚሉ ግዙፍ ፋይሎች ይታያሉ፤ ዊንዶውስ ራሱ የሚጠቀምባቸው ስለሆኑ ቦታ ለማስለቀቅ ብለው አይንኳቸው። በየፎልደሩ የሚታዩት ‹ዴስክቶፕ.አይኤንአይ› እና ‹ተምስ.ዲቢ› ደግሞ ቫይረስ አይደሉም፤ የመጀመሪያው የፎልደሩን መልክ፣ ሁለተኛው የፎቶዎቹን ትንንሽ ምስል የሚይዝ ነው። ‹ሪሳይክል ቢን› በዶላር ምልክት ጀምሮ በየድራይቩ ይታያል፤ እሱም ጤነኛ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ‹ፎልደር ኦፕሽንስ› ተመልሰው ‹ሃይድ ፕሮቴክትድ› የሚለውን ምልክት ብቻ መልሱበት። የቅጥያውን ግን እንደተከፈተ ይተዉት። ፍላሹን ‹ኢጀክት› ብለው ነቅለው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሰኩትና አንድ ደቂቃ ይቆዩ፤ ሾርትከቶቹ እንደገና ከተፈጠሩ ያ ሁለተኛው ኮምፒውተርም ስካን ይፈልጋል።